ዋናውና ንዑሱ ትምህርት፦ የግሪጎር ሜንዴል የትምህርት ጉዞና የዘር ውርስ ሕግ

መግቢያ

የሥነ ሕይወትን ትምህርት የሚመርጥ ተማሪ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ከዘርፉ ቅርንጫፎች መካከል የትኛውን ዋና ትምህርቱ ያደርጋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዋናው ጎን ለጎን የትኛውን ንዑስ ትምህርት ቢይዝ ይበጀዋል የሚል ነው። ለዋናው ትምህርት ብዙ ይታሰብለታል፤ ንዑሱ ግን የክሬዲት ሰዓት ማሟያ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ አጭር ጽሑፍ የዘር ውርስ ጥናት መሥራች ተደርጎ የሚቆጠረውን የግሪጎር ሜንዴልን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይመረምራል። ሜንዴል ዩኒቨርሲቲ የገባው ዕፅዋትን ብቻ ሊያጠና አልነበረም፤ ፊዚክስንና ሒሳብንም ተምሯል። በአተር ላይ ያካሄደው ምርምር ከእርሱ በፊት ከነበሩት የዕፅዋት አዳቃዮች ሥራ የተለየው ከእነዚህ ጎን ለጎን ከያዛቸው ትምህርቶች ባገኘው አሠራር ነው። ይህ ቅንጅት ግን በነጻ ምርጫ ብቻ የተገኘ አልነበረም፤ ድህነትና የፈተና ውድቀትም አስተዋጽኦ አድርገውበታል፤ ዋጋም አስከፍሎታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬው ልጅ

ዮሐን ሜንዴል በሐምሌ ወር 1822 በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው በሳይሊዢያ፣ ሃይንዘንዶርፍ በተባለች መንደር ተወለደ። መንደሯ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ አንቶን የራሱን ማሳ ከማረሱ በተጨማሪ በሳምንት 3 ቀን ለባለርስቱ የጉልበት ግብር ይሠራ ነበር። ከሦስቱ ልጆች መካከል ወንዱ ዮሐን ብቻ ስለነበር በልማዱ መሠረት ማሳውን የሚረከበው እርሱ ነበር። ሆኖም የመንደሩ ቄስ ዮሐን ሽራይበር ለልጆች ከፊደል ጋር የፍራፍሬ ዛፍ ማዳቀልን ያስተምር ነበርና፣ የልጁ የትምህርት ችሎታ ቶሎ ታወቀ። ወላጆቹም አቅማቸው ባይፈቅድም በ1834 ትሮፓው ወደተባለች ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላኩት። ለምግቡ የሚከፍሉት ግማሹን ብቻ ስለነበር ቀሪውን ከቤት በሚላክለት ስንቅ ይሞላ ነበር።

በ1838 አባቱ በጫካ ሥራ ላይ ሳለ በወደቀበት ግንድ ክፉኛ ተጎዳና ማረስ ተሳነው። ከዚያ በኋላ የ16 ዓመቱ ተማሪ ሌሎችን እያስጠና ራሱን መቻል ነበረበት። በ1840 በኦልሙትዝ ወደሚገኘው የፍልስፍና ተቋም ሲገባ ግን የሚያስጠናው ተማሪ ማግኘት አልቻለም። ጭንቀቱና ችግሩ ለሕመም ዳረጉት፤ ትምህርቱንም አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወደ ትምህርቱ የመለሰችው ታናሽ እህቱ ቴሬዚያ ነበረች። ለትዳሯ መቋቋሚያ ከተመደበላት የቤተሰብ ድርሻ ከፊሉን ለወንድሟ ሰጠችው። ሜንዴል ይህን ውለታ አልረሳም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የቴሬዚያን ወንዶች ልጆች በትምህርታቸው ረድቷል፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሐኪሞች ሆነዋል።

በኦልሙትዝ የፊዚክስ መምህሩ የነበረው ፍሬድሪክ ፍራንዝ የተማሪውን ችሎታና የኑሮውን ችግር ያውቅ ነበር። በብሩን ከተማ፣ በዛሬዋ ብርኖ፣ የሚገኘው የቅዱስ ቶማስ የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ለትምህርት ያዘነበሉ ወጣቶችን እንዲጠቁመው በጠየቀው ጊዜም ሜንዴልን አቀረበ። በጥቅምት ወር 1843 ሜንዴል ገዳሙን ተቀላቀለ፤ ግሪጎር የሚለውን ስምም በዚያ ተቀበለ። ወደ ገዳም ያስገባው ከሃይማኖታዊ ጥሪ ይልቅ በአመዛኙ የዕለት እንጀራ ጭንቀት እንደነበር ከራሱ የሕይወት ታሪክ ማስታወሻ መረዳት ይቻላል።

ከገዳም ወደ ፈተና ክፍል

የብሩን ገዳም ለጸሎት ብቻ የቆመ ስፍራ አልነበረም። መነኮሳቱ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ፣ በፍልስፍና፣ በሙዚቃና በተፈጥሮ ሳይንስ ይመራመሩ ነበር። አበምኔቱ ሲሪል ናፕም በግብርና ማኅበራት ውስጥ ሰፊ ተሳትፎ ነበረው። ብሩን የሱፍ ጨርቅ ማምረቻ ከተማ በመሆኗ የበግ አርቢዎች ምርጥ ጠጉር ያለውን ዘር እንዴት ማቆየት እንደሚቻል በየስብሰባቸው ይከራከሩ ነበር። ናፕም በ1830ዎቹ በአንዱ ስብሰባ ላይ ዋናው ጥያቄ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ምንድን ነው፣ የሚተላለፈውስ እንዴት ነው የሚለው እንደሆነ አመልክቶ ነበር። ሜንዴል በኋላ ዕድሜውን የሰጠለት ጥያቄ በገዳሙ ውስጥ አስቀድሞ የተነሣ ነበር ማለት ነው።

ሜንዴል እስከ 1848 ሥነ መለኮትን ተማረ፤ በዚሁ ጊዜ ውስጥ የእርሻና የፍራፍሬ ልማት ትምህርትም ተከታተለ። በ1847 ማዕረገ ቅስናን ተቀብሎ በሰበካ አገልግሎት ተመደበ። ይሁን እንጂ ሕሙማንንና በጣር ላይ ያሉትን በሚጎበኝበት ጊዜ መንፈሱ እጅግ ይታወክ ስለነበር እርሱም ታሞ ተኛ። ናፕ ይህን ተመልክቶ በ1849 ዝናይም ወደተባለች ከተማ በምትክ መምህርነት ላከው። በማስተማር ሥራው ተወደደ፤ ነገር ግን በወጣው አዲስ ደንብ መሠረት ቋሚ መምህር ለመሆን የመንግሥት ፈተና ማለፍ ያስፈልግ ነበር።

በ1850 ሜንዴል በተፈጥሮ ታሪክና በፊዚክስ ለመፈተን ወደ ቪየና ሄደ። በእነዚህ ትምህርቶች የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና አልነበረውም፤ ያጠናው መጻሕፍት አገላብጦ በራሱ ጥረት ነበር። በፊዚክሱ በኩል የሰጠው መልስ ፈታኞቹን ሲያረካ፣ በሥነ ምድርና ጡት አጥቢ እንስሳትን በመመደብ ረገድ የጻፈው ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን የተፈጥሮ ታሪክ ማለት በአብዛኛው ስምና ምድብ መዘርዘር ስለነበር፣ ምድቡን ያላጠናቀቀ ተፈታኝ ማለፍ አይችልም ነበር። ሜንዴል ወደቀ። ከተመለከቱት ፈታኞች መካከል የፊዚክስ ሊቁ ባውምጋርትነር ጉድለቱ የችሎታ ሳይሆን የሥልጠና መሆኑን ተረድቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢላክ እንደሚሻል መከረ። አበምኔቱም ምክሩን ተቀበለ፤ ለኤጲስ ቆጶሱ ጉዳዩን አስረድቶ ወጪውን ገዳሙ እንዲሸፍን አደረገ። የሜንዴልን የዩኒቨርሲቲ በር የከፈተለት እንግዲህ የወደቀበት ፈተና ነው።

አራት ሴሚስተር በቪየና

ሜንዴል ቪየና ዩኒቨርሲቲ የገባው በ1851 መጸው ሲሆን፣ ዕድሜው 29 ዓመት ነበር። እስከ 1853 ክረምት ድረስ ለአራት ሴሚስተር ተማረ። የመጣው ዲግሪ ለመያዝ ሳይሆን ለመምህርነት ፈተናው ለመዘጋጀት ስለነበር የሚከታተላቸውን ትምህርቶች ለመምረጥ ከመደበኛ ተማሪ የተሻለ ነጻነት ነበረው። በመጀመሪያው ሴሚስተር በአመዛኙ ያተኮረው በፊዚክስ ላይ ነው። ቀጥሎም ሒሳብን፣ ኬሚስትሪን፣ ሥነ እንስሳትንና ሥነ ዕፅዋትን ጨመረ።

ከመምህራኑ መካከል ሦስቱ በተለይ የሚጠቀሱ ናቸው። የመጀመሪያው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። የድምፅና የብርሃን ሞገድ ምንጩ ሲቀርብና ሲርቅ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያስረዳው ግኝት በስሙ ይጠራል። ዶፕለር የሙከራ ፊዚክስ ሲያስተምር፣ አንድን ውስብስብ ክስተት ለመረዳት ከብዙ ሁኔታዎች መካከል ጥቂቱን ነጥሎ ማውጣትና ሌላውን እንዳይለዋወጥ አድርጎ መያዝ እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎቹ በተግባር ያሳይ ነበር። ሁለተኛው አንድሬያስ ፎን ኤቲንግስሃውዘን ነው። ይህ መምህር ነገሮች በስንት ዓይነት መንገድ ሊቀናጁ እንደሚችሉ በሚያሰላው የሒሳብ ዘርፍ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። ሦስተኛው የዕፅዋት ሊቁ ፍራንዝ ኡንገር ነው። ኡንገር ዕፅዋትን በስምና በመልክ ከመመደብ ይልቅ ሕዋሳቸው እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴትስ እንደሚራቡ ያስተምር ነበር። የዕፅዋት ዝርያዎች በዘመናት ሂደት ይለዋወጣሉ የሚል አቋምም ስለነበረው ከቤተ ክርስቲያን ወገን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል።

እነዚህ ሦስት ትምህርቶች በአንድ ተማሪ አእምሮ ውስጥ መገናኘታቸው በዚያ ጊዜ የተለመደ አልነበረም። ዕፅዋት የሚያጠና ሰው ናሙና ይሰበስባል፣ ይስላል፣ ይገልጻል፤ ፊዚክስ የሚያጠና ሰው ይለካል፣ ያሰላል። ሜንዴል ጥያቄውን ከኡንገር፣ የሙከራ አሠራሩን ከዶፕለር፣ ስሌቱን ከኤቲንግስሃውዘን ይዞ ወደ ብሩን ተመለሰ ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

በ1854 በብሩን አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስና የተፈጥሮ ታሪክ የሚያስተምር ምትክ መምህር ሆነ። በ1856 የመምህርነቱን ፈተና እንደገና ሊወስድ ቪየና ሄደ፤ ዳሩ ግን በፈተናው መካከል ታመመና ሳይጨርስ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አልሞከረም። ለ14 ዓመታት ያስተማረው በምትክ መምህርነት ማዕረግ ነው።

አተሩና ቁጥሩ

ሁለተኛው ፈተና በተቋረጠበት በዚያው በ1856 የአተር ማዳቀል ሥራው ተጀመረ። ከዚያ በፊት 34 የአተር ዓይነቶችን ሰብስቦ ሁለት ዓመት እየዘራ ባሕርያቸውን ሳይለውጡ የሚቀጥሉ መሆናቸውን አረጋግጦ ነበር። ከእነዚህም 22ቱን ለሙከራ መረጠ። አተርን የመረጠው አበባው ሳይከፈት በራሱ የአበባ ዱቄት ስለሚያፈራ ከውጭ የሚመጣ ዱቄት በቀላሉ ስለማያበላሸው፣ ቶሎ ስለሚደርስና በቁርጥ የሚለዩ ባሕርያት ስላሉት ነው። ሲያዳቅልም ያልበሰለውን እንቡጥ ከፍቶ የወንዴውን ክፍል ይለቅማል፤ ከሌላ ተክል ያመጣውን ዱቄት ይቀባል፤ አበባውንም ይሸፍናል። ሥራው ከጥበብ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር።

ከእርሱ በፊት የነበሩት አዳቃዮች የድቅሉን መላ መልክ ከወላጆቹ ጋር ያነጻጽሩ ነበር። ሜንዴል ግን 7 ባሕርያትን ብቻ ነጥሎ ያዘ፦ የፍሬውን ቅርጽ፣ የክኩን ቀለም፣ የገለፈቱን ቀለም፣ የቆባውን ቅርጽ፣ የእሸት ቆባውን ቀለም፣ የአበባውን አቀማመጥና የተክሉን ቁመት። ይህ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ አሠራር ነው። ድቡልቡል ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ በሙሉ ድቡልቡል ሆነ። ከዚህ ትውልድ በተገኘው በሁለተኛው ትውልድ ግን የተጨማደደው ተመልሶ ታየ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሌሎችም አይተውታል። ሜንዴል የጨመረው ቆጠራን ነው። ከ7,324 ፍሬዎች መካከል 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ዎቹ የተጨማደዱ ሆነው አገኘ። በክክ ቀለም 6,022 ቢጫና 2,001 አረንጓዴ ቆጠረ። በሁለቱም ንጽጽሩ 3 ለ1 ነው ለማለት ይቻላል።

ትርጉሙን ያገኘው ከቅንጅት ስሌት ነው። እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባሕርይ ሁለት ወሳኝ ነገሮችን፣ አንዱን ከአባት አንዱን ከእናት፣ ይዟል ቢባልና እነዚህ በአበባው ዱቄትና በእንቁላሉ ውስጥ ለየብቻ ቢገኙ፣ በዕድል ሲገናኙ አራት እኩል ቅንጅቶች ይፈጠራሉ። ከአራቱ በሦስቱ የሚገነው ባሕርይ ይታያል፤ በአንዱ ብቻ የተሸሸገው ይወጣል። ሁለት ባሕርያትን በአንድነት ሲከታተልም ከ556 ፍሬዎች 315 ድቡልቡል ቢጫ፣ 108 ድቡልቡል አረንጓዴ፣ 101 የተጨማደደ ቢጫና 32 የተጨማደደ አረንጓዴ አገኘ፤ ይህም ወደ 9፣ 3፣ 3 እና 1 የተጠጋ ድርሻ ነው። ከዚህም አንዱ ባሕርይ ከሌላው ሳይጣበቅ ለብቻው እንደሚተላለፍ ደመደመ። የወላጆች ባሕርይ እንደ ወተትና ቡና ተቀላቅሎ አይጠፋም፤ ሳይበረዝ ይተላለፋል። እስከ 1863 በቀጠለው ሥራ ወደ 28,000 የሚጠጉ ተክሎች እንደመረመረ ይገመታል። ስታቲስቲክሱን የመረመረው ሮናልድ ፊሸር በ1936 አንዳንዶቹ ቁጥሮች ከሚጠበቀው ድርሻ ጋር ከመጠን በላይ ይቀራረባሉ ብሎ ክርክር አስነሥቷል፤ የውርስ ሕጉ ትክክለኛነት ግን በብዙ ሌሎች ሙከራዎች የተረጋገጠ ነው።

ሁለት ትምህርት የማጣመር ዋጋ

ሜንዴል ውጤቱን በየካቲትና በመጋቢት 1865 ለብሩን የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር በሁለት ንግግሮች አቀረበ፤ ጽሑፉም በ1866 ታተመ። ነገር ግን የሚገባውን ያህል አንባቢ አላገኘም። ዕፅዋት አጥኚዎች በድቅል ጥናት ውስጥ የፊደልና የቁጥር ቀመር ማየት አልለመዱም፤ የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ስለ አተር የተጻፈ ነገር የሚያነቡበት ምክንያት አልነበራቸውም። ጽሑፉ በሁለት ዘርፎች ድንበር ላይ ስለቆመ ከሁለቱም ወገን ባለቤት አጣ።

ሜንዴል በ1866 መጨረሻ ጽሑፉን በሙኒክ ለነበረው ታዋቂ የዕፅዋት ሊቅ ለካርል ኔጌሊ ላከ። ኔጌሊ መልስ ቢሰጥም በአተሩ ውጤት አልተማረከም። የእርሱ ትኩረት ሂራሲየም በተባለ ቢጫ አበባ ያለው የዱር ተክል ላይ ነበር፤ ሜንዴልም በዚሁ ተክል መሥራት ጀምሮ ነበርና ለዓመታት ደከመበት። ጥቃቅን አበቦቹን በአጉሊ መነጽር እየለየ ሲሠራ ዓይኑን እስከመታመም ደረሰ። የሂራሲየም ውጤት ግን ከአተሩ ጋር አልገጠመም። ምክንያቱ የታወቀው ሜንዴል ከሞተ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው፤ ይህ ተክል በብዛት ያለ ጽንሰት ፍሬ ስለሚያፈራ ልጆቹ የእናቲቱ ቅጂ ይሆናሉ። ጥሩ የቆጠራ ዘዴ የተክሉን አረባብ ካላወቀ የትም እንደማያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በ1868 ሜንዴል የገዳሙ አበምኔት ሆኖ ተመረጠ። የአስተዳደር ሥራ የምርምር ጊዜውን እየወሰደበት ሄደ፤ ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም መንግሥት በገዳማት ላይ በጣለው ግብር ምክንያት እስከ ዕለተ ሞቱ የዘለቀ ሙግት ውስጥ ገባ። የአየር ጠባይ ልኬትና ንብ እርባታን ግን አልተወም። ጥር 6 ቀን 1884 አረፈ። ቀብሩ ላይ ብዙ ሕዝብ ተገኝቶ ነበር፤ የተሸኘው ግን እንደ አበምኔት እንጂ እንደ ሳይንቲስት አልነበረም። ከሞቱም በኋላ ብዙዎቹ ወረቀቶቹ ተቃጠሉ።

በ1900 ሁጎ ደ ቭሪስ፣ ካርል ኮረንስና ኤሪክ ቼርማክ በየፊናቸው ባካሄዱት የማዳቀል ሥራ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው የ1866ቱን ጽሑፍ ወደ ብርሃን አወጡት። ኮረንስ የኔጌሊ ተማሪ ነበር። መምህሩ ያለፈውን ተማሪው አነሣው።

ማጠቃለያ

ከሜንዴል ሕይወት ለትምህርት ምርጫ የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ንዑስ ትምህርት ዋናው ለሚያነሣው ጥያቄ መሣሪያ የሚሆን ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል። በዘመኑ አተርን ከሜንዴል በላይ የሚያውቁ አትክልተኞች ነበሩ፤ ቁጥሩን ጠይቆ መልስ ያገኘው ግን ስሌት የተማረው ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። አተርንና ሂራሲየምን የመረመረው አንድ ሰው፣ በአንድ ዘዴ ነው፤ ውጤቱን የለየው ስለ ተክሉ አረባብ የነበረው ዕውቀት ነው። ስለዚህ ሒሳብን ወይም ኮምፒውተርን ንዑስ ትምህርቱ ያደረገ የሥነ ሕይወት ተማሪ ከማሳውና ከቤተ ሙከራው መራቅ የለበትም። ሦስተኛ፣ ሁለት ዘርፍ ያጣመረ ተመራማሪ ሥራውን ለሁለቱም ወገን በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ካልሆነ ግኝቱ እንደ ብሩኑ ጽሑፍ 34 ዓመት መደርደሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል።

በመጨረሻም ሜንዴል በ1850 የወደቀው በዚያ ዘመን የሥነ ሕይወት ዋና ክፍል ተደርጎ በሚቆጠረው በምደባ ትምህርት ነው። ያ ፈተና ብቻውን ቢወስን ኖሮ ከተፈጥሮ ሳይንስ ይወጣ ነበር። አልወጣም፤ አንድ ፈታኝ በፊዚክስ መልሱ ውስጥ የታየውን ችሎታ ለይቶ በማየቱ፣ አንድ አበምኔትም ወጪውን ለመሸፈን በመፍቀዱ ወደ ቪየና ሄደ። ተማሪዎችን ወደየትምህርት ክፍሉ የሚመድቡና የሚያማክሩ መምህራን በውጤት ወረቀቱ ላይ ከደካማው ነጥብ ጎን ጠንካራውንም እንዲያዩ ይህ የሕይወት ታሪክ በቂ ምክንያት ይሰጣል።